መድኃኒትሽን የሚወስደው ሰው

መጋቢት 9

ውድ እማዬ፣

አባባ ያንቺን መድኃኒት ሲውጥ ቆይቷል።

ላንቺ የምጽፈው ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥለው «አንተ ፋርማሲስት ሆነህ?» ይሉኛል። ሁለተኛውን እኔው ለራሴ ብዬዋለሁ።

ነገሩ በስልክ ጀመረ። የደወለችልኝ ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ ናት። ሥራ ቦታ መስኮቱ ላይ ነበርኩ፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። እሷ ደግሞ ስልክ ላይ ቶሎ ወደ ጉዳዩ እንደማትገባ ታውቂያለሽ።

«ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ? አሁንም አላገባህም?»

«ደህና ነኝ። ሰው ቆሞብኛል፤ ምን ተፈጠረ?»

«ኧረ ምንም አልተፈጠረም። አባትህ ወድቆ ነው።»

«የት?»

«በሩ ላይ። ኮፍያው እንኳ ከራሱ አልወረደም። ሳነሳው ‹ማነው የገፋኝ?› ይለኛል። ማን ይገፋዋል? ይሄ እኮ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነው።»

ፈቃድ ጠየቅኩና በማግስቱ በአውቶቡስ መጣሁ። አባባ በሩን ሲከፍትልኝ በአንድ እጁ ግድግዳውን ይዞ ነበር።

«ማን ሞተ ብለው ጠሩህ?» አለኝ።

ቤቱ ንጹሕ ነው። ሬዲዮኑን ካንቺ ወንበር ላይ አስቀምጦታል። ወንበሩን ባዶውን ላለማየት ይመስለኛል፤ አልጠየቅኩትም። አባባን አስቀምጬ እጁን ያዝኩና የደም ምቱን ዳበስኩ። አንዱ ምት ከሄደ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ያስጨንቃል።

«ፍጥነቴ ስንት ነው?» አለኝ።

«ዝቅ ያለ ነው።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል? ቀስ ብሎ የነዳ ቤቱ ይገባል።»

ዕድሜውን ሁሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ስለ ራሱም የሚያወራው እንደዚያው ነው። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን የሚቸኩል ዓይነት አይደለም። የልቡን ምት በመሣሪያ አንስቶ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየው።

«አባቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የዓይን ጠብታ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም።»

እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ራሴን ነቀነቅኩ። የማውቀው ይህንኑ ነበር። ሐኪሙ ጠብታውም ልብን ሊያዘገይ እንደሚችል አነሳ። «ግን ዓመታት ተጠቅመውበታል፤ ብቻውን እዚህ አያደርሳቸውም» አለ። ልቡ በራሱ ደክሞ ከሆነ ምቱን የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ከቆዳው ሥር መትከል ሊያስፈልግ ነው። ለትልቁ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጻፈልን።

«ባትሪ ሊገጥሙልኝ ነው» አለ አባባ መንገድ ላይ። ሳቅን። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። 

ሳሎን ሶፋው ላይ አደርኩ። ጠዋት ስነቃ የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነበር። አባባ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠረጴዛው ጋ ቆሟል። ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ጠብታውን አደረገ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አወረደ። ክኒን ፈልቅቆ ዋጠ። ከብርጭቆው ውኃ ግማሹን ጠጣና የቀረውን ወደ ጠረጴዛው ማዶ ገፋ አደረገው።

ማዶ ማንም አልነበረም።

የሁለታችሁን ብርጭቆ አውቀዋለሁ። አንቺ ክኒንሽን በግማሹ ትውጫለሽ፤ እሱ ጠብታው ጉሮሮዬ ላይ ወርዶ ይመረኛል እያለ በቀረው ግማሽ አፉን ያጥባል። ሁለት ብርጭቆ ማጠብ ትርፍ ድካም ነው ትይ ነበር። አሁን ያንቺን ድርሻ እሱ ይጠጣል፤ የራሱ ድርሻ ደግሞ እዚያ ቁጭ ብሎ ይውላል።

«ምንድን ነው የዋጥከው?» አልኩት።

ዘወር አላለም። «ውኃ።»

«አባባ።»

«የእናትህን ነው።»

ካርቶኑን ከእጁ ወሰድኩት። ስምሽ ተጽፎበታል። የተሰጠበት ወር ያኔ የያዝነው ወር ነበር። ከቀብርሽ በኋላ ቤት የቀረውን መድኃኒትሽን አንድም ሳላስቀር ለቅሜ፣ ሥራ ቦታዬ ወስጄ አስወግጄዋለሁ። ይሄ አዲስ ነው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከመድኃኒት ቤት ነዋ። ከየት ይመጣል?»

«ትናንት ሐኪሙ ሲጠይቅህ ሌላ የለኝም አልከው እኮ!»

«የለኝማ። ይሄ የኔ ነው? የሷ ነው።»

እየቀለደ አልነበረም እማዬ። ፊቱን አይቻለሁ። የራሱን መድኃኒት ተጠየቀ፣ የራሱን ተናገረ።

ጮህኩበት። ልትሞት ነበር አልኩት፤ ለዓመታት ልጅህ ምን ሲሠራ የኖረ ይመስልሃል አልኩት። እሱ ብርጭቆውን ያይ ነበር። ጩኸቱ ሲያልቅብኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ስማኝ» አልኩት። «ይሄ ክኒን የልብ ፍሬን ነው። የሷ ልብ ስለሚሮጥ ነው የታዘዘላት። ያንተ አይሮጥም። ጠብታህም የዚሁ ዘር ነው፤ በዓይንህ ገብቶ ወደ ደምህ ይሄዳል። ሁለት ፍሬን አንድ ላይ ይዘህ ነው የምትሄደው።»

ትንሽ አሰበ። «የእግሩንና የእጁን።»

«አዎ።»

«የፍሬኑ ሸራ ይቃጠላል እንዲያ ሲሆን» አለ። አንድ የማያውቀው ሾፌር ያጠፋውን ጥፋት እንደሚያወራ ሰው ነበር።

ካርቶኑን ይዤ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄድኩ። ክዳኑን ከከፈትኩ በኋላ ቆምኩ።

«ምነው? ጣለው እንጂ» አለ።

«አይቻልም።»

«አሁን ጉድ ሰማሁ። ይገድላል ብለህ ሰፈሩን ስታስነሣ አልነበር?»

«ቁልቁለት ላይ ሆነህ ፍሬኑን ባንዴ ብትለቀውስ?»

«እብድ ነው እንዲያ የሚያደርገው።»

«ልብም እንደዚያው ነው። ለወራት የለመደውን አንድ ጠዋት ብትነሣው ይደነግጣል። ከድሮው ብሶ ይሮጣል።»

«ታዲያ ልዋጠው ነው?»

«እየቀነስክ። ሐኪሙ ከተስማማ።»

ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ነበር። ሌላ ስም ፈልጌለት አላገኘሁም። ልትሞት ነበር ስለው ብርጭቆውን ሲያይ የነበረ ሰው፣ ጥቂት ጊዜ ትውጣለህ ስለው ደስ አለው።

ለሐኪሙ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት።

«እንኳን ነገርከኝ» አለ። «መሣሪያ ሊተክሉላቸው ነበር እኮ። የሟች መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ማንም አላስተማረኝም።»

«እኔንም።»

ጠብታውን በሌላ ዓይነት ቀየረለት። ክኒኑ ወደ ግማሽ፣ ቀጥሎ ወደ ሩብ፣ ከዚያ እንዲቆም፤ በየጠዋቱና በየማታው ምቱ እንዲለካ፤ ራሱን ካዞረው ወዲያው እንዳመጣው ተስማማን። እኔም ፈቃዴን አስረዘምኩ።

ጠዋት ጠዋት ክኒንሽን በምላጭ እከፍላለሁ። የምጠቀመው ባለ ሰማያዊ ጠርዙን ሳህን ነው።

«እናትህ ብታይህ ሳህኔን ቧጨርከው ትልሃለች» አለኝ።

«ሌላ ሳህን አምጣ ታዲያ።»

«የለም፣ በሱ ቁረጥ።»

ግማሹን ይውጣል። ውኃውን እስከ ግማሽ ይጠጣል። ብርጭቆውን ይገፋል። አሁን ማዶ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን አልነካሁትም። በኋላ መጠጣት ጀመርኩ። 

ምቱ ከፍ እያለ መጣ። ግድግዳ መያዝ ተወ። አንድ ቀን ብቻውን እስከ ልብስ ሰፊዋ በር ድረስ ሄዶ ቆመ።

«ዛሬስ ማን ገፋህ?» አለችው።

«ዛሬ ገፊው እኔ ነኝ። ዞር በይ ከመንገድ!»

ሳቋ እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ። ግን ይሄ የቀኑ ትንሹ ክፍል ነው እማዬ። የቀረው ዝምታ ነው። እሱ ከምሳ በኋላ ይተኛል፣ እኔ ሳሎን ቁጭ እላለሁ። አንዳንዴ ስልኬን አውጥቼ አያለሁ። ሥራ ላይ ስሆን ትደውዪልኝ የነበረው ትዝ ይለኛል። «ይሄን ክኒን ከምግብ በፊት ነው የምውጠው ወይስ በኋላ?» መልሱን ከኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ። «በኋላ» እልሻለሁ። «እሺ፣ አንተስ በላህ?» ትይኛለሽ። አሁን ስልኬ ላይ የሚደውሉት መድኃኒት አለቀ ወይስ አላለቀም የሚሉ ሰዎች ናቸው።

ወደ ሩብ የወረድን ቀን አባባ ሳህኑ ላይ ያለችውን ቁራጭ በጣቱ ነካ አደረጋት።

«ይሄማ ፍርፋሪ ነው» አለ። «እናትህም አለቀች ማለት ነው።»

ያን ጊዜ ጠየቅኩት። እስከዚያ ፈርቼ ያለፍኩት ጥያቄ ነው። «ለምን ሄድክ አባባ? መድኃኒት ቤት ምን ልትሠራ ሄድክ?»

ነገረኝ። መጀመሪያ የሄደው የመድኃኒት ካርድሽን ሊመልስ ነበር። ማዘዣሽ ለዓመት ስለሆነ፣ ሰዎቹ በየወሩ እያዘጋጁ እንዳይቀመጡ ብሎ። በተለመደው ቀን፣ በተለመደው ሰዓት ሄዶ ተሰለፈ። ሁልጊዜም የሚያመጣልሽ እሱ ስለነበር መስኮቱ ላይ ያለችው ፋርማሲስት ታውቀዋለች።

«ገና ከሩቅ ስታየኝ ‹አባባ! እማማ እንዴት ናቸው?› አለችኝ። ልነግራት ነበር። ግን ሰው ከኋላዬ ተሰልፏል። እንዴት ብሎ ይነገራል፣ ሰው እየገፋህ? ደህና ናት አልኳት። ‹ሰላም በሉልኝ› አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ…» አለ። ብርጭቆውን አዞረው። «ከዚያ እስከ ቤት ደህና ነበረች።»

ምላጩን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሄድኩ» አለ። «አሁን ሌላ ማን ይጠይቀኛል ስለሷ? ሰው ሁሉ ያውቃል። ‹ቻለው› ነው የሚሉኝ። እዚያ ብቻ ነው እንዴት ናት የሚሉኝ።»

«እሺ ለምን ዋጥከው?»

«ልጅቷን ዋሽቼ መድኃኒቱን ደግሞ ልጣለው? ሌላው አጥቶ የሚያለቅስበትን? ቢያንስ አንድ ሰው ይዋጠው አልኩ።»

ያን ቀን ከሰዓት ብቻዬን ወጥቼ ዞርኩ። ስለ ራሴ መስኮት አሰብኩ። እዚያ ግድግዳችን ላይ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ለትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው መጠን የሚል ተለጥፏል። እኔም ስጠይቅ እውላለሁ፤ ማኅተም እየመታሁ «እንዴት ናቸው?» እላለሁ። ደህና ናቸው ይሉኛል። ቀጣይ! እላለሁ። ለስንት ባል፣ ለስንት ልጅ እንደዚያ ብዬ ሰጥቼ ይሆን? ይቺኛዋ እንኳ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ከልቧ ባትጠይቀው አባባ ካርዱን መልሶ ይመጣ ነበር ይሆናል። ልወቅሳት ፈልጌ ምክንያት አጣሁ።

ወደ ሥራ ስመለስ ግን አጠያየቄን እቀይራለሁ። «ዛሬ ጠዋት ክኒናቸውን ሲውጡ አይተዋቸዋል?» ነው የምለው። ሰልፉ ይንጫጫል፣ ኃላፊያችን ትቆጣለች። ይቆጡ። ደህና ናቸው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው። ይሄኛው ግን ለመዋሸት እንኳ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል፤ እሱን ትንሽ ጊዜ እፈልገዋለሁ።

የመጨረሻዋን ሩብ የዋጠው ትናንት ነው። ምቱ ጥሩ ነው። ሐኪሙ መሣሪያ መትከል አያስፈልግም ብሏል። የቀረው ካርድሽን ማዘጋት ነው። ካልተዘጋ አባባ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይሄዳል፤ ይሄን እሱም ያውቃል። የአዲሱ ጠብታ ሁለተኛ ብልቃጥም መውሰድ ነበረበት፤ የመጀመሪያው ገና አላለቀም፣ ግን ቀጠሮው ዛሬ ነው።

ሁለቱንም ካርዶች አመጣና ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

«አብረን እንሂድ» አልኩት።

«አይሆንም።»

«እኔ ነኝ የምናገረው። አንተ አጠገቤ ትቆማለህ፣ በቃ።»

«ካየችኝ ትጠይቀኛለች። ከጠየቀችኝ ደግሞ ደህና ናት ነው የምላት። ብቻህን ሂድ።»

ሄድኩ። መድኃኒት ቤቱ ከኔ የሥራ ቦታ ብዙ አይለይም። ክብ ቀዳዳ ያለው መስታወት፣ ግድግዳ ጥግ የተደረደሩ ወንበሮች፣ ብዙ ሰው የተደገፈበት ቀለሙ የለቀቀ ባንኮኒ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስታወቱ በዚህኛው ወገን ተሰለፍኩ። ስትናገሪ አንገትሽን ሰብረሽ ወደ ቀዳዳው ማጎንበስ አለብሽ። ለዓመታት ሰው ሁሉ እያጎነበሰ ሲያናግረኝ ይሄን አላየሁትም ነበር።

ምን እንደምል አዘጋጅቻለሁ። «ታካሚዋ በሕይወት ስለሌሉ ካርዱ ይዘጋ።» የሥራ ዐረፍተ ነገር ነው። አጭርና ንጹሕ።

ተራዬ ደረሰ። የአባባን ካርድ አስገባሁ። ፋርማሲስቷ ቀና ብላ አየችኝ። ሙሉ ፊት ያላት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት።

«የአባባ ልጅ ነዎት አይደል? በአፍንጫዎ አወቅኩ! እሳቸው ምነው ቀሩ?»

«ደህና ነው። ቤት ነው።»

«ጠብታቸው ዝግጁ ነው።» ወደ ኋላ ዞረች። ስትመለስ በአንድ እጇ ብልቃጡን፣ በሌላው ደግሞ ካርቶን ይዛለች። «የእማማንም አብሬ አዘጋጅቼዋለሁ፤ አባባ ሁለቴ እንዳይመላለሱብኝ ብዬ። እማማ እንዴት ናቸው?»

እውነቱን ልንገርሽ። አፌ ላይ የመጣው «ደህና ናት» ነው። አባባን ያን ጊዜ ገባኝ። ሴትዮዋ ካርቶኑን ይዛ፣ ፈገግ ብላ፣ መልስ ትጠብቃለች። እሷ ዘንድ ገና ታማሚ ነሽ፤ ክኒንሽን በሰዓቱ የምትውጪ፣ ምቱ የተስተካከለልሽ ታማሚ። ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ያዘጋጀሁት ዐረፍተ ነገር አልወጣም።

«እናቴ ሞታለች» አልኩ።

ከዚያ በፊት ይህን ቃል ካፌ አውጥቼው አላውቅም። ቀብርሽ ላይ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ለማን እነግራለሁ? ሥራ ቦታ የጠየቅኩት ፈቃድ «የቤተሰብ ጉዳይ» ይል ነበር። ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልተናገርኩ።

«መቼ?» አለች።

«ክረምት ላይ።»

እጇ ካርቶኑ ላይ እንዳለ ቀረ። የሰጠቻቸውን ወሮች ወደ ኋላ እየሄደችባቸው እንደሆነ ገባኝ፤ የሙያ ባልደረባዬ ናት። «እኔ እኮ ባለፈው ወርም… አባባ ደህና ናት ብለውኝ… ታዲያ መድኃኒቱን ማን…»

«እሱ ነው። አሁን ደህና ነው፣ ሐኪም እያየው ነው። ካርዱን ዝጊው።»

ያንቺን ካርድ በቀዳዳው አስገባሁላት። ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ካርቶኑን ወደ ኋላ መደርደሪያ መለሰችው።  አንዲት ሴት በቀስታ «እግዜር ያጽናህ» አለች።

ፋርማሲስቷ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። ዓይኗ ቀልቷል፤ እንዲያም ሆኖ ብልቃጡን አንሥታ ማስረዳት ጀመረች። ማድረግ ያለባትን ነው ያደረገችው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

«ይሄ አዲሱ ነው፤ በድሮው እንዳይቀይሩባቸው። በቀን አንዴ ነው፣ ማታ። ካደረጉ በኋላ የዓይናቸውን ጥግ በጣት ጫን አድርገው ይያዙ፣ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ። የድሮው ብልቃጥ ቤት ቀርቶ ከሆነ ደግሞ…»

ሁሉንም አውቀዋለሁ። እስከ ግማሽ ሰማኋት፤ ከግማሹ ወዲያ ጆሮዬ ላይ የቀረው «ሞታለች» ያልኩት ቃል ብቻ ነበር። ከዚያ ቀና አልኩና ከሰልፉ ወጣሁ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ።

«ጠብታው!» አለች ከኋላዬ። መስታወቱን ስታንኳኳ ይሰማኛል። «ጋሼ፣ ጠብታውን!»

በሩን ገፍቼ ወጣሁ።

ልጅሽ